የጠፍሩ ጫፍ

ሴቻ፣ አርባ ምንጭ
መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ኤርጫፎ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስዎ። የጨንቻ ብርድ እንዴት አድርጎዎታል? እኛ እዚህ ቆላው እያቀለጠንም ቢሆን አለን።

ምራትዎ ትሁት አፕሏን ሸጣ ስትጨርስ ወደ ቤት ብቅ ብላ የላኩትን ጥያቄ አደረሰችኝ። የለም፣ አላስቀየሙትም። ወልደሥላሴ በእርስዎ አይቀየምም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እኔን ጥሎ ሲቀላ ሰፈር እርስዎ ፀጉር ቤት ሲሄድ የተቀየምኩት እኔ ነኝ። ዝም ያለዎት ታሞብኝ ነው። ኅዳር ላይ ስትሮክ መታው። ቀኝ እግሩና ቀኝ እጁ ከዱት። እግሩ በከዘራ እየተመለሰ ነው፣ እጁ ግን ገና ነው። ንግግሩ ይሰማል፤ ቀስ ስለሚል ግን ሰው ፊት ማውራት ትቷል። እስከ ዛሬ ያልነገርኩዎት እሱ ከልክሎኝ ነው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ብዬ ብለምነው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረብኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አሁን የምጽፍልዎት ስለ ጺሙ ነው። ትንሿ ልጃችን እድላዊት ሚያዝያ 26 ልትዳር ነው። ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት አባትዬው መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ተቀምጦ የተቀበላቸው ወንድሙ በዛብህ ነው። ለሠርጉም "በዚህ ጺም ሰው ፊት አልቀመጥም፣ በዛብህ ይመርቃት" ብሏል። እንግዲያው እንላጭህ ስንለው ደግሞ አይሆንም። ሙሽራው አሞጽ ባለ ማሽን ፀጉር አስተካካይ ይዞለት ቢመጣ ከዘራውን አነሳበት። ከኤርጫፎ ምላጭ በቀር ፊቴን ብረት አይነካውም ነው የሚለው።

ምላጩ እኛ ጋ ነው። ሱቅዎን ዘግተው ወደ ጨንቻ ሲወጡ ከነጠፍሩ ስጦታ የሰጡት፣ እስኪታመም ድረስም በገዛ እጁ ሲላጭበት የነበረው። አሁን ግን ደንዟል። እኔ አንዴ ብሞክረው ጺሙን መቁረጡን ትቶ መንቀል ጀመረ። ስለዚህ ወይ ይምጡልን፣ ወይ ምላጩን ጠፍር ላይ እንዴት እንደሚያመላልሱት ያስተምሩኝ። አባቷ በሕይወት እያለ ልጄ በአጎት ተመርቃ ከቤት እንድትወጣ አልፈልግም።

በስልክ ያልነገርኩዎት ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ነው፤ እሱ ሁሉን ይሰማል። እርስዎ ደግሞ በስልክ ምንም አይሰሙም። በሁለታችሁ መካከል ቆሜ ከምጮህ ብዕር ማንሳቱ ይሻላል ብዬ ነው።

አክባሪዎ የሺመቤት


ጨንቻ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የሺመቤት፣

ሰላም ለቤትዎ ይሁን፣ ጾሙንም በደህና ያስፈጽመን። ደብዳቤዎን ትሁት አነበበችልኝ፤ መነጽሬ ተሰብሮ ነው። ፊደሌ ገዝፎ መስመር ቢለቅም በዚያው ነው፣ አይገረሙ።

ወሬውን ስሰማ እህል አልወርድልኝ አለ። መምህር ወልደሥላሴ ታመው ሳለ እኔ እዚህ ተቀምጬ "ረሱኝ" እያልኩ ሳማቸው ከረምኩ። ምነው እትዬ፣ ቢከለክሉዎትስ? ለሌላው ይደበቅ፤ እኔ እኮ የሰውዬውን ፊት ከሰውዬው በላይ አውቀዋለሁ።

መምጣቱን ግን አልችልም። ጉልበቴ መኪና ውስጥ መታጠፍ አቅቶታል። አስተምራለሁ። ስሠራ ደግ ነኝ፣ ሳስተምር ግን ክፉ ነኝና ይቻሉኝ።

መጀመሪያ፣ ምላጩ አልደነዘም። ሰው ሁሉ ደነዘ እያለ ድንጋይ ላይ ወስዶ ይገድለዋል። የዚህ ምላጭ አፍ ከፀጉር ይቀጥናል፤ ጺም በነካ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይታጠፋል። ጠፍር የታጠፈውን ያቃናል እንጂ አይስልም። ለማቃናት ደግሞ ጉልበት አያስፈልግም። ከምላጩ ክብደት በላይ አንዲት ነገር አይጨምሩበት።

የጠፍሩን ቀለበት መስኮቱ ብረት ላይ ያንጠልጥሉ። ሌላውን ጫፍ በግራ እጅዎ ይዘው እንደ ከበሮ እስኪወጠር ይሳቡ። ከረገበ የምላጩ አፍ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ድካምዎ ሁሉ ገደል ገባ። ጠፍሩ አንድ ፊቱ ጥጥ ነው፣ የእኛ አገር ሸማኔ አጥብቆ የሠራው። ሌላው ፊቱ ቆዳ ነው። በጥጡ ይጀምሩ፣ ጥጡ ያሞቀዋል፣ ያጸዳዋል። ከዚያ ወደ ቆዳው ይሂዱ። ምላጩን አስተኝተው፣ ጀርባውም አፉም ጠፍሩን እንደነኩ፣ ጀርባውን አስቀድመው ይምሩት። አፉ ከኋላ ይከተል፤ ከቀደመ ጠፍሩን ይቆርጠዋል። ጫፍ ሲደርሱ በጀርባው ላይ አንከባለው ይገልብጡትና ይመለሱ። ድምፁንም ያዳምጡ። ሲሄድና ሲመለስ ድምፁ አንድ ካልሆነ እጅዎ አንዱን መንገድ እየተጫነ ነው።

መምህር ፊት ላይ ከመሄድዎ በፊት ሙዝ ይላጩ። አይሳቁ። ከላንቴ የመጣ በደንብ የበሰለ ሙዝ ይግዙ፣ ሳሙና ይቀቡት፣ አረፋውን በምላጩ ይጥረጉ። ያን ዕለት ምንም አይታይዎትም። በማግስቱ ግን የቧጠጡት ቦታ ሁሉ ይጠቁራል። ሙዙ ቢጫ እንደሆነ ያደረ ቀን ይጻፉልኝ።

ኤርጫፎ


ሴቻ
መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ኤርጫፎ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ?

ትሁት ቀድማ ሳትነግርዎት አልቀረችም፤ ስቃ አልጠግብ ብላ ነው ከቤቴ የወጣችው። አዎ፣ እውነት ነው። ጠፍሩን ቅቤ ቀባሁት።

እስቲ ይፍረዱኝ። ቆዳው መስኮት ላይ ተሰቅሎ ፀሐይ አድርቆታል፣ ሲነኩት ይንኳኳል። እኔ ባደግሁበት በደብረ ታቦር ቆዳ ሲደርቅ ቅቤ ይቀባል። አገልግሉም፣ የበቅሎው ኮርቻም፣ የዳዊቱ ማኅደርም ቅቤ ጠጥተው ነው የሚከርሙት። ጾም ስለሆነ ቤት ያለው ቅቤ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። አንስቼ እስኪጠግብ አሸሁት። ያነሳሁት ደግሞ የተነጠረው ነበር፤ ኮረሪማውም በሶብላውም አብሹም ያለበት።

ጠፍሩ እንደ ሐር ለሰለሰልኝ። እንዳሉት ምላጩን በጥጡም በቆዳውም አመላለስኩና ሙዙን ዘልዬ ወደ ወልደሥላሴ ሄድኩ። ምላጩ የእርስዎ መሆኑን አይቶ ፊቱን ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ አረፋ ቀባሁት። ምላጩን ወደ ከንፈሩ ሳስጠጋ አፍንጫው ተነሳ። ያውቁታል እንግዲህ፤ ዐቢይ ጾም ላይ ዓሣ ጠረጴዛው ላይ ካየ የሚነሳ ሰው ነው። ቄሱ "ታመሃልና ፈትቼሃለሁ" ቢሉት "እኔ ራሴን አልፈታሁም" ብሎ የመለሰ ነው። በግራ እጁ እጄን ያዘና "የሺ፣ ይኼ ቅቤ ነው" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጽፈውም። በጾም ቅቤ ላስልሰው እንደመጣሁ፣ አርባ ዓመት የጾመውን በአንድ ጠዋት ላፈርስበት እንደሆነ፣ የእናቴንም ስም እየጠራ ነገረኝ። ከኅዳር ወዲህ ያን ያህል ቃል በአንድ ትንፋሽ ሲወጣው አልሰማሁም። እድላዊት ከጓዳ ሮጣ መጥታ "አባዬ ተናገረ" ብላ አለቀሰች። እኔ እየተሰደብኩ እሷ ታመሰግናለች። እውነቱን ልንገርዎትና እኔም ከልቤ አልተቀየምኩም። ግን ፎጣ አስመጥቶ አረፋውን ጠረገና ተነሥቶ ሄደ።

አሁን ምላጩ ጠፍሩ ላይ አይሄድም፣ ይለጠፋል። ምን ላድርግ? ሌላም ጥያቄ አለኝ፤ ከሙዝና ከምላጭ ጋር አይገናኝም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያ ወንበር ላይ ምን ስታወሩ ነበር?

የሺመቤት


ጨንቻ
መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የሺመቤት፣

ሳቄን እስክጨርስ ነው መልሱ የዘገየው። ጎረቤት "ኤርጫፎ ምን አገኘ" ብሎ ጠይቋል።

እኛ ጋሞዎች ቅቤ የምንቀባው ሀላቃ ሆኖ የሚሾም ሰው ራስ ላይ ነው። ጠፍሬን ሾሙት ማለት ነው። የተሾመ ደግሞ ሥራ አይሠራም፣ ተቀምጦ ይበላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል የእናንተ ሰው፤ እንግዲህ ይልቀሙ። የበቆሎ ዱቄት ቆዳው ላይ ይነስንሱ፣ በደረቅ ጨርቅ ይጠቅልሉና ያሳድሩት። ጠዋት ያራግፉት፣ እንደገና ይነስንሱ። ዱቄቱ ደርቆ የሚራገፍበት ቀን ቅቤው ወጥቷል። ሲያሸቱትም ምንም አይሸት። ፀሐይ ላይ እንዳያወጡት፤ ቅቤው ቀልጦ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ቅባት አይስጡት። ሁልጊዜ ከመጀመርዎ በፊት በባዶ መዳፍዎ ከላይ እስከ ታች ያሹት። ቆዳ የሚወደው የሰው እጅ ነው።

ሙዙን ደግሞ ለምን ዘለሉ? ስለ ቅቤው ስቄያለሁ፣ ስለ ሙዙ ግን ተቆጥቻለሁ። መምህር ቅቤው ባይሸታቸው ኖሮ በዚያ ምላጭ ይቆርጧቸው ነበር። ቅቤውን እግዜር ነው ያስቀባዎት።

ስለ ወሬያችን ለጠየቁኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አናወራም ነበር። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያለ ሰው ምን ያወራል? ተነሥተው ሲሄዱ ግን "ዛሬ ጥሩ ተጫወትን" ይሉኛል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እድላዊት የተወለደች ሰሞን፣ ጠዋቱን ሙሉ ስለ እርስዎ ተናገሩ። ምን እንዳሉ አልነግርዎትም፣ የወንበሩ ሚስጥር ነው። መልካም ነገር ነበር።

አንዲት ነገር ትሁት በቃል ትጠይቅዎታለች። ሳይሳቀቁ ይመልሱልኝ።

ኤርጫፎ


ሴቻ
ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ኤርጫፎ፣

ትሁት ስለ ፊቱ የጠየቀችኝን ልመልስ። በቀኝ በኩል ነው። የከንፈሩ ጫፍ ወደ ታች ወርዷል፣ ጉንጩም አብሮት። ጺሙ ስለሸፈነው ለማያውቅ ሰው አይታይም። ለምን እንደጠየቁኝ ግን አልገባኝም፤ እኔ የምፈልገው ምላጭ ማቃናት ነው እንጂ አፍ ማቃናትማ ሐኪሙም አልቻለውም።

ዱቄቱ ሠርቷል። ጠፍሩ ምንም አይሸትም፣ እድላዊትም አሽትታ መስክራለች። ሙዙንም ተምሬያለሁ። መጀመሪያዎቹ በማግስቱ እንደ ነብር ተዥጎርጉረው ይገኙ ነበር። ቤቱ የሙዝ መጋዘን ሆነ፤ ጎረቤት ንግድ የጀመርኩ መስሎት ዋጋ ጠይቆኛል። ባለፈው ሳምንት ግን አንዱ ቢጫ እንደሆነ አደረ። የተከተለውም አደረ። አሁን ሲሄድና ሲመለስ ድምፁ አንድ ነው። ከራሴ ላይ ፀጉር ነቅዬ ባስነካው ቆረጠልኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ እጅ ይኖረኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ምን ዋጋ አለው። ምላጩን ይዤ ሄጄ ቅቤው እንደወጣ፣ ሙዙም እንደመሰከረልኝ ነገርኩት። አየኝ፣ አየኝና "ይቅር፣ የሺ" አለኝ። ምላጩ የኤርጫፎ ነው፣ ጠፍሩ ንጹሕ ነው፣ እጄም ተስተካክሏል፤ ምን ቀረ ብዬ ጠየቅሁት። "በዛብህ ይመርቃት" አለ። በዛብህማ አዲስ ሱፍ አሰፍቶ ጨርሷል። እድላዊት ደግሞ "አባቴ ካልመረቀኝ ማንም አይመርቀኝም፣ እንዲሁ እወጣለሁ" ብላ ክፍሏ ገብታለች።

ደክሞኛል፣ አቶ ኤርጫፎ። ሌላ ሰው እንዲህ ቢያደርገኝ ምቀኛ ነው እለው ነበር። በከንቱ አደከምኩዎት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጠፍሩንና ምላጩን በሚቀጥለው ገበያ ለትሁት አስይዛለሁ። እዚህ ተሰቅሎ ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል።

የሺመቤት


ጨንቻ
ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የሺመቤት፣

ሰሙነ ሕማማቱን በደህና ያስፈጽምዎ። ጠፍሩን አይመልሱ። ትሁትም እንዳትቀበልዎት ነግሬያታለሁ።

ለምን እንደጠየቅሁዎት አሁን ልንገርዎት። መምህር "በዚህ ጺም ሰው ፊት አልቀመጥም" ያሉት እውነት አይደለም፤ የተገላቢጦሽ ነው። ያለዚያ ጺም ነው የማይቀመጡት። በዚህ በሽታ የተያዙ ሰዎች ላጭቻለሁ። ገና አረፋ ስቀባቸው ጺማቸውን የሙጥኝ ይላሉ፣ አፋቸውን የጋረደላቸው እሱ ነውና። መጀመሪያ ማሽኑን እንቢ አሉ፣ ቀጥሎ ቅቤው ሰበብ ሆናቸው። እርስዎ እየተማሩ ሰበቡን ሁሉ አንድ በአንድ ወሰዱባቸው፣ መጨረሻ "ይቅር" ብቻ ቀራቸው። በእርስዎ ላይ ክፋት የላቸውም። ፈርተው ነው።

እንዴት አወቅህ ቢሉኝ፣ እኔም ተደብቄ ነው ያለሁት። ጉልበቴ ደህና ነው፤ ገበያ ወጥቼ እወርድበታለሁ። መነጽሬም አልተሰበረም። ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፣ እትዬ። ሱቄን የዘጋሁትም ለዚሁ ነው። መጥቼ እዚያ በር ላይ ስደናበር የድሮ ደንበኞቼ እንዳያዩኝ ብዬ በጉልበት አሳበብኩ። ለእርስዎ ያልኩትን ለልጄም ብያለሁ፤ የምታውቀው ትሁት ብቻ ናት።

እንግዲህ አንድ የቀረ ትምህርት አለ። ጠፍሩን መስኮት ላይ ያንጠልጥሉ ያልኩዎት ብቻዎን ስለሚለማመዱ ነው። እኔ ሱቅ ውስጥ ግን ጠፍር ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አያውቅም። ጫፉን የሚይዘው ተላጪው ራሱ ነው። ከአባቴ የወረስኩት ወግ ነው፤ ፊቱን የሚሰጥ ሰው ምን እንደሚመጣበት አስቀድሞ በእጁ ይወቀው ይል ነበር። መምህር ሠላሳ ዓመት ጠፍሬን ይዘዋል። ከረገበ እኔ ሳልነግራቸው ይስቡታል። እጄ ከፈጠነ ጎተት ያደርጉኛል።

ጠፍሩን ከመስኮቱ ያውርዱት። ስለ ጺም አያንሱ፣ ስለ ሠርግ አያንሱ፣ አረፋም አያዘጋጁ። ጫፉን ብቻ ይስጧቸው። ካልያዙት እኔ ተሸንፌያለሁ፣ ያን ጊዜ ይመልሱልኝ።

ኤርጫፎ


ሴቻ
ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ኤርጫፎ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ።

ያዘው።

ቅዳሜ፣ ቅዳም ሹር ጠዋት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ቄጤማዬን ራሴ ላይ አስሬ ተመለስኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጧል። እንዳሉኝ ጠፍሩን ከመስኮቱ አውርጄ ሄድኩና አንድም ቃል ሳልናገር ቀለበቱን ዘረጋሁለት። ቀለበቱን አየ፣ እኔን አየ። "ይኼን ማን ነገረሽ?" አለ። በግራ እጁ ተቀበለኝና ሳበው። እኔ መስኮቱ ላይ እንዲያ አድርጌ ወጥሬው አላውቅም።

በጥጡ ጀመርኩ። ወደ ቆዳው ገለበጥኩት፤ ሙዝ ፊት እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ፈጠንኩ መሰለኝ፣ ጎተት አደረገኝ። ቀስ አልኩ። ከዚያ የሚሰማው የምላጩ ድምፅ ብቻ ሆነ፤ ሲሄድ፣ ሲመለስ። ትንሽ ቆይቶ የታመመውን ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ ጠፍሩ ላይ አስቀመጠው። መሳብ አልቻለም፣ ማስቀመጥ ብቻ ነው። በቃ ብዬ ምላጩን ሳነሳ እሱ ጠፍሩን አልለቀቀም። ቀና ብሎ "ከቀኙ ጀምሪ" አለኝ።

ከቀኙ ጀመርኩ። እጄ አልዋሸም፤ አንዲት ጠብታ ደም አልወጣችም። ጺሙ እየተነሳ ሲሄድ አፉ እየታየ መጣ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ደነገጥኩ፤ ካሰብኩት በላይ ወርዷል። ድንጋጤዬን አልደበቅሁትም፣ እሱም ዓይኔን አልለቀቀም። መስታወት አምጪ አለኝና ረጅም ጊዜ አየ። "አባቴን መስያለሁ" አለ። አባቱ በመጨረሻ ዕድሜው እንዲህ ነበር ለካ፤ አርባ ዓመት ስኖር አንድ ቀን አልነገረኝም። ተቀምጬ አለቀስኩ። እሱ ግን አላለቀሰም። "የሺ፣ ጆሮዬ ሥር ትተሻል" አለኝ።

እድላዊት ያየችው ሌሊት ጾም ስንፈታ ነው። ከጎኑ ተቀምጣ ዶሮውን አጎረሰችው። ወልደሥላሴም ወዲያው በዛብህ ለሠርጉ ሱፉን ለብሶ ይምጣ፣ ጥላ ይያዝልኝ ብሏል።

እንግዲህ የእኔ ተራ ነው፤ ስሠራ ደግ ነኝ፣ ስመክር ክፉ ነኝ። የዓይን ሞራ የሚገፈፍ ነገር ነው። ወልደሥላሴ አፉን ገልጦ ሊወጣ እርስዎ ጨንቻ ጉም ውስጥ ሊደበቁ አይገባም። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይያዙ። ሲወርዱ የሚያርፉት እኛ ቤት ነው።

የሺመቤት


ጨንቻ
ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የሺመቤት፣

ደብዳቤዎን ትሁት ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። "ከቀኙ ጀምሪ" የሚለው ጋ ስትደርስ እሷም አቆመች፣ እኔም አላስቀጠልኳትም። ስለ መምህር ከሰማሁ ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ነበር፤ ዛሬ ተነሳልኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

ያሉኝን እሺ ብያለሁ። ለልጄ ነገርኩት፣ ተቆጣኝ፣ ከዚያ ቀጠሮ ያዘልኝ። ግንቦት መጨረሻ ላይ እወርዳለሁ። ለሠርጉ ግን አልደርስም፣ ይቅር በሉኝ። መምህርን ገና በደንብ ሳላይ በሰው መሀል እየተደናቀፍኩ ሠርግ ማድመቅ አይሆንልኝም።

አደራ የምልዎት አንድ ነገር ነው። ከሠርጉ በኋላ ሲጽፉልኝ አያባብሉኝ። ሰው እንዴት አያቸው፣ እሳቸውስ እንዴት ሆኑ? በጓዳ መላጨትና በአደባባይ መቀመጥ ለየቅል ነው።

ኤርጫፎ


ሴቻ
ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ኤርጫፎ፣

አላባብልዎትም። ሰው አየው። ግማሹ አይቶ ወዲያው መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ከደብረ ታቦር የመጣች አክስቱ ደግሞ ገና ከደጅ እሪ ብላ ደረቷን ልትመታ ስትል፣ "ለቅሶ ቤቱ ወዲያ ማዶ ነው፣ ተሳስተሽ ገባሽ" አላት። ቃሉ ቀስ ብሎ ነው የወጣው፤ ቤቱ ሁሉ ዝም ብሎ ስለጠበቀው ግን ሁሉም ሰማው። ከዚያ ወዲያ ሰው መሳቅ ጀመረ፣ ቤቱም የሠርግ ቤት ሆነ።

ጠዋት ስንላጭ ጠፍሩን የያዘልኝ እሱ ነው፤ ይኼ አሁን ሥራው ሆኗል። ሙሽራው ከነአጃቢው መጥቶ እድላዊትን ይዟት ሊወጣ ሲል የአባቷን ጉልበት ሳመች። ምርቃቱን ጀመረ። ረጅም ነበር። በመሀል ከንፈሩ ከዳውና ምራቁ አገጩ ላይ ወረደ፤ አሁን ጺም የለምና የሚይዘው ነገር የለም። ነፍሴ ወጥታ ልትሄድ ነበር። እሱ መሐረቡን አውጥቶ ጠረገ፣ መሐረቡን አጠፈ፣ ኪሱ ከተተና ካቆመበት ቀጠለ። ውጭ መኪኖቹ ጥሩምባ ያሰማሉ፣ ሚዜዎቹ ሰዓት ያያሉ። "ይቆዩ፣ እኔ አባቷ ነኝ" አለ። "ወላድ በድባብ ትሂድ" ብሎ እስኪጨርስ ድረስ ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። በዛብህ ጥላውን ዘርግቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከሰዓት በኋላ የጫሞን ሐይቅ ቁልቁል ከሚያሳየው ኮረብታ ላይ ፎቶግራፍ ልንነሳ ሄድን። ፎቶግራፍ አንሺው ጨዋ ሰው ነው፣ ክፉ አላሰበም። እድላዊትን መሀል፣ እኛን ግራና ቀኝ አቆመና ወልደሥላሴን "አባባ፣ እስቲ ፊትዎን ትንሽ ወደ ቀኝ ያዙሩልኝ፣ ግራው በኩል ያምራል" አለው። ሁላችንም ገባን። እድላዊት እጄን ጨመቀችኝ።

ወልደሥላሴ ከዘራውን ለሙሽራው ሰጠና ቀጥ ብሎ ካሜራውን ተመለከተ። "የልጄ አባት ግማሽ አይደለም። ሙሉውን አንሳ" አለው።

ሰውዬው አነሳ። ፎቶግራፎቹ ትናንት መጡልን። ብዙ ናቸው፣ የሚያማምሩም አሉባቸው። እድላዊት ከሁሉ መርጣ አዲሱ ቤቷ ሳሎን ውስጥ የሰቀለችው ግን ይኼንኑ ነው።

አክባሪዎ የሺመቤት